«አያማትም» የሚለው ወረቀት

(በአያት አካባቢ በሚገኝ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፀረ ኤድስ ክበብ አባላት ስለ ካንሰር የሚያስረዳ ባለሙያ እንዲጋበዝላቸው ጠይቀው ነበር። ጥሪውን ተቀብለው የተገኙት የአካባቢው ጤና ጣቢያ ነርስ ለተማሪዎቹ ያደረጉትን ንግግር እንደሚከተለው አቅርበነዋል።)

ከኋላ ያላችሁ ትሰማላችሁ? የሚኒ ሚዲያ ልጆች ማይኩን ትንሽ ከፍ ብታደርጉልኝ ጥሩ ነው።

እውነቱን ለመናገር ለዛሬ ሦስት ገጽ ጽሑፍ አዘጋጅቼ ነበር። ሆኖም የክበባችሁ ሰብሳቢ ትናንት የጥያቄ ሳጥኑን ከፍቶ ወረቀቶቹን ሲያመጣልኝ ጽሑፌን ቦርሳዬ ውስጥ መልሼ ከተትኩት። እናንተ የጠየቃችሁትን ብመልስ ይሻላል ብዬ ነው። ከወረቀቶቹ ጥቂቶቹ ስለ ዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ይጠይቃሉ፤ እነሱን ለዳይሬክተሩ ሰጥቻለሁ። አንዷን ወረቀት ግን ለብቻዋ ኪሴ ውስጥ አድርጌያታለሁ። ወደ በኋላ አነባታለሁ።

«ካንሰር ይተላለፋል ወይ?» የሚለው በአራት ወረቀት ላይ ተጽፏል። መልሱ አጭር ነው፤ ካንሰር ራሱ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ካንሰር ካለበት ሰው ጋር ከአንድ ትሪ መብላት፣ አንድ አልጋ ላይ መተኛት፣ ሰውነቱን ማጠብ ምንም አያመጣም። በባዮሎጂ ስለ ሴል ተምራችኋል። ሴል ሲያረጅ ይሞታል፣ ቁስል ሲሽር ደግሞ መባዛቱን ያቆማል። ይህን ሥርዓት አልቀበልም ያለ ሴል ግን ያለ ልክ ይባዛል፣ የጎረቤቱን ቦታ ይቀማል፣ ሲቆይ ደግሞ በደም ውስጥ ተጉዞ ጉበት፣ ሳንባ፣ አጥንት ላይ ይሰፍራል። ካንሰር የምንለው ይህን ነው። የገዛ ሰውነታችን ስለሆነ ማንም ለማንም አይሰጠውም።

እናቶቻችን ነቀርሳ ይሉታል። ስሙን መጥራት የማይፈልጉም አሉ፤ «ያ ክፉ በሽታ» ይላሉ። እኔ ልጅ በነበርኩበት ጊዜ ኤድስንም «ያ በሽታ» ነበር የምንለው። ለቅሶ ቤት «ምን ሆኖ ነው የሞተው?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚመልስ ሰው አይገኝም ነበር። በ1997 ዓ.ም. የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ሲጀምር፣ ሰውም እየተመረመረ ራሱን ማወቅ ሲጀምር ነው ስሙ የተጠራው። ካንሰር ግን ዛሬም ስሙ አልተጠራም። ይህ ነገር ሰው እንደሚገድል ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

እዚህ ላይ አንድ «ግን» አለ። ካንሰሩ ባይተላለፍም ለካንሰር የሚዳርጉ አንዳንድ ቫይረሶች ይተላለፋሉ። አንዱ የጉበት ቫይረስ ቢ ነው፤ ለጉበት ካንሰር ይዳርጋል። ደግነቱ ክትባቱ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ከመደበኛው የሕፃናት ክትባት ጋር ተደምሮ ይሰጣል። እናንተ ከዚያ ወዲህ ስለተወለዳችሁ አብዛኞቻችሁ እናታችሁ ጀርባ ላይ ሆናችሁ እያለቀሳችሁ ወስዳችሁታል። ሌላው ሂውማን ፓፒሎማ ቫይረስ ነው፣ በአጭሩ ኤች ፒ ቪ ይባላል። የማህፀን በር ካንሰርን በሙሉ ለማለት ይቻላል የሚያመጣው እሱ ነው። በርካታ ዓይነቶች አሉት፤ 16 እና 18 የሚል ቁጥር የተሰጣቸው ሁለቱ ብቻ ወደ 70 በመቶ ለሚሆነው የማህፀን በር ካንሰር ተጠያቂ ናቸው።

እንደ ፀረ ኤድስ ክበብ አባላት አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። በ2008 እ.ኤ.አ. የሕክምና ኖቤል ሽልማት ለሁለት ተከፈለ። ግማሹን ያገኙት ኤች አይ ቪን ያገኙት ሁለት የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ናቸው፤ ፍራንስዋዝ ባሬ ሲኑሲና ሉክ ሞንታኜ። ሌላውን ግማሽ የወሰደው ሃራልድ ዙር ሃውዘን የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ሲሆን የተሸለመውም የማህፀን በር ካንሰር ከኤች ፒ ቪ እንደሚመጣ ስላረጋገጠ ነው። ሁለቱ ቫይረሶች አንድ መድረክ ላይ ቆሙ ማለት ነው። በሰው ሰውነት ውስጥም ይገናኛሉ። ኤች አይ ቪ በደሟ ያለባት ሴት በማህፀን በር ካንሰር የመያዝ ዕድሏ ከሌሎች ሴቶች ስድስት እጥፍ ነው። ጤነኛ የመከላከል አቅም ባላት ሴት ኤች ፒ ቪ ወደ ካንሰር እስኪለወጥ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጅበታል፤ ኤች አይ ቪ ኖሮባት መድኃኒት ባልጀመረች ሴት ግን ከ5 እስከ 10 ዓመት ውስጥ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ መድኃኒቷን በአግባቡ የምትወስድ እናት ወይም እህት ካለቻችሁ ምርመራው ለእሷ ከሌላው ሰው ይበልጥ አስቸኳይ ነው።

ኤች ፒ ቪ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ይተላለፋል። ኮንዶም ይቀንሰዋል፣ ሙሉ በሙሉ ግን አያግደውም፤ ኮንዶም ያልሸፈነው ቆዳ ሲነካካም ይተላለፋልና። አሁን በጥሞና ስሙኝ። የግብረ ሥጋ ግንኙነት የጀመረ አብዛኛው ሰው በሕይወቱ አንድ ጊዜ ይህን ቫይረስ ያገኘዋል፤ አብዛኛውን ጊዜም ሰውነት ራሱ ያጠፋዋል። በመሆኑም አንዲት ሴት የማህፀን በር ካንሰር ያዛት ማለት «ወጣ ገባ ትል ነበር» ማለት አይደለም። በአንድ ባል ብቻ የኖረች ሴትም ይይዛታል። በኤች አይ ቪ ጊዜ የሠራነውን ስህተት እዚህ አንድገመው።

«የሴቶቹ ክትባት መካን ያደርጋል ይባላል፣ እውነት ነው?» የሚል ወረቀትም አለ፤ ከሥሩ ሦስት ጊዜ ተሰምሮበታል።

እውነት አይደለም። ክትባቱ በዓለም ላይ መሰጠት ከጀመረ ከ2006 እ.ኤ.አ. ወዲህ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጃገረዶች ተከትበው አድገው፣ አግብተው፣ ወልደዋል። በስኮትላንድ በ12 እና በ13 ዓመታቸው በተሟላ ሁኔታ የተከተቡ ሴቶች አድገው ሲጠኑ አንዲትም በማህፀን በር ካንሰር የተያዘች አልተገኘችም፤ ጥናቱ በ2024 እ.ኤ.አ. ታትሟል። እንዲያውም መካን የሚያደርገው ካንሰሩ ነው፤ ሕክምናው ማህፀን እስከማውጣት ይደርሳልና። በአገራችን ክትባቱ በ2011 ዓ.ም. ሲጀመር በዓለም ላይ እጥረት ስለነበረ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ብቻ፣ በሁለት ዙር ይሰጥ ነበር። በ2017 ዓ.ም. አንድ ጊዜ ብቻ መውሰድ እንደሚበቃ ተወስኖ ዕድሜውም ከ9 እስከ 14 እንዲሆን ተደረገ። ኤች አይ ቪ በደሟ ላለባት ልጅ ግን አንድ አይበቃም፣ የሚከታተላት ሐኪም ይነግራታል። ከእናንተ መካከል በዚያ ሰልፍ ላይ የነበራችሁ ብዙ ናችሁ፤ በር ላይ ቆማ ከሁሉም በላይ የጮኸችውንም አውቃታለሁ። ስሟን አልናገርም! ቤት ውስጥ የ9 ወይም የ10 ዓመት እህት ያለቻችሁ፣ ክትባቱ ትምህርት ቤቷ ሲመጣ ቀርታ እንዳታድር።

«እኛ ወንዶች ምን አገባን?» ያልከው ልጅ፣ በጣም ያገባሃል። ቫይረሱን የሚያስተላልፈው ወንድም ጭምር ነው፤ በወንድም ላይ የጉሮሮና የብልት ካንሰር ያመጣል። ከዚያ ደግሞ ትምባሆ አለ። የሳንባ፣ የአፍ፣ የጉሮሮ፣ የፊኛ ካንሰር ሲባል ትምባሆ ሁሉም ላይ እጁ አለበት። «ሺሻ ይሻላል፣ ውኃው ያጣራዋል» የሚል ጽሑፍም አይቻለሁ። ውኃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ መርዙን አያጣራውም፤ ቀዝቀዝ ማለቱ ይበልጥ ወደ ውስጥ እንድትስብ ያደርግሃል። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሺሻን ከልክሏል፤ ትምባሆም ሆነ አልኮል ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው እንዳይሸጥም ደንግጓል። አባቶቻችሁን በተመለከተ፣ ሌሊት ደጋግመው ለሽንት የሚነሱ፣ ሽንታቸው አልወርድ የሚላቸው ወይም ደም የሚታይባቸው ከሆነ ፕሮስቴት የሚባለው እጢ መታየት አለበት። ብዙ ጊዜ የዕድሜ እብጠት ብቻ ነው፣ አንዳንድ ጊዜ ግን ካንሰር ነው፤ የሚለየው ሐኪም ነው።

ስለ ምግብ የጠየቃችሁኝን ቶሎ ልለፈው። የሻገተ ኦቾሎኒ፣ የሻገተ በቆሎ፣ እርጥበት የነካው በርበሬ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያበቅላል፤ ጉበት ላይ ካንሰር ያመጣል። ሻጋታውን አራግፎ ወይም አጥቦ መብላት መርዙን አያስለቅቀውም፣ ይጣል። በጣም የሚያቃጥል ነገር የመጠጣት ልማድም ለጉሮሮ ቱቦ ካንሰር ያጋልጣል ተብሎ ይታመናል። ይህ ካንሰር በአገራችን በተለይ በአርሲና በባሌ በብዛት ይታያል። ምግብ አልዋጥ ማለት ዋናው ምልክቱ ነው። በሰገራ ላይ ደም ማየት፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየ ሳል፣ የማይድን ቁስልም ሐኪም ሳያያቸው መቆየት የለባቸውም። ካንሰር የትልልቅ ሰዎች ብቻም አይደለም። አቶ ወንዱ በቀለ ትንሽ ልጃቸውን ማቴዎስን በደም ካንሰር አጥተው በ1996 ዓ.ም. በልጁ ስም የካንሰር ሶሳይቲ መሥርተዋል። ስለ ካንሰር ብዙ ሰው በማይናገርበት ጊዜ የተናገሩ አባት ናቸው።

አሁን ኪሴ ውስጥ ያለችው ወረቀት። ግማሽ የደብተር ገጽ ናት። እንዲህ ትላለች፦

«እናቴ ጡቷ ላይ በእጅ የሚነካ ነገር አለ። አያማትም። ለማንም እንዳይነገር አስምላኛለች። ካንሰር ነው?»

ማን እንደጻፋት አላውቅም። ሴት ትሁን ወንድ ጽሑፉ አይናገርም፣ እኔም ለማወቅ አልሞከርኩም። ስለዚህ «እናንተ» እያልኩ ለሁላችሁም እመልሳለሁ። ማንም ዞር ብሎ ማንንም አይይ፤ ሁላችሁም ወደ እኔ!

በመጀመሪያ፣ መሐላችሁን አላፈረሳችሁም። ስም የለም፣ ሰፈር የለም፣ ማንም አላወቀም።

ሁለተኛ፣ ካንሰር ነው ወይስ አይደለም ለሚለው እኔ እዚህ ቆሜ መመለስ አልችልም። በእጄ ብነካውም ብቻዬን አላውቀውም። ጡት ላይ ከሚወጡ እብጠቶች አብዛኞቹ ካንሰር አይደሉም። በተለይ እናንተ ልጃገረዶች ዕድሜ፣ ወር አበባ ሲቃረብ ጡት ማበጥና መቁሰል የተለመደ ነው፣ ዛሬ ማታ በፍርሃት እንዳታድሩ። በእናቶች ዕድሜ ግን እያንዳንዱ እብጠት መታየት አለበት። የሚለየውም በአልትራሳውንድ ወይም በጡት ራጅ፣ ከዚያም በመርፌ ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው።

ሦስተኛው ነገር ከወረቀቷ ላይ እንቅልፍ የነሳኝ ቃል ነው፤ «አያማትም» የሚለው። እናት እንዲህ ስትል ልጇን ማጽናናቷ ነው። ስለማያም ቀላል ነው፣ ሲያመኝ እሄዳለሁ ማለቷ ነው። ሁላችንም እንዲህ ነው ያደግነው፤ ሕመም ከሌለ በሽታ የለም። የጡት ካንሰር ግን ሲጀምር ብዙ ጊዜ አያምም። ሳያም ነው የሚያድገው። ሕመሙ የሚመጣው ብዙ መንገድ ከሄደ በኋላ ነው። በአገራችን ከሴቶች ካንሰር በብዛት አንደኛ የጡት፣ ሁለተኛ የማህፀን በር ካንሰር ነው። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ለ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት በዚያ ዓመት ብቻ በኢትዮጵያ ወደ 16 ሺህ የሚሆኑ ሰዎች በጡት ካንሰር፣ ከ7 ሺህ 400 በላይ ደግሞ በማህፀን በር ካንሰር ተይዘዋል። ብዙዎቹ ሐኪም ቤት የደረሱት ካመማቸው በኋላ ነው።

ስለ አክስቴ ልንገራችሁ። ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ እዚሁ አያት ኮንዶሚኒየም ሥር ትንሽ ሱቅ ነበራት። በ2008 ዓ.ም. እኔ የነርሲንግ ተማሪ ነበርኩ። በዚያ ዓመት ቤታችን ውስጥ እጣን መጨስ በዛ። ጠዋት ይጨሳል፣ ማታ ይጨሳል። ጾም ስለሆነ መስሎኝ ነበር፣ ጾሙ ግን ወጥቶም ይጨሳል። ነጠላዋን ቤት ውስጥም አታወልቅም። በዚያው ሴሚስተር ፈተና ላይ «የጡት ካንሰር ምልክቶችን ጥቀሱ» የሚል ጥያቄ መጣ። ሁሉንም ጻፍኩ፤ የማያም ጠጣር እብጠት፣ እንደ ብርቱካን ልጣጭ የተሰረጎደ ቆዳ፣ ወደ ውስጥ የገባ የጡት ጫፍ፣ ከጫፉ የሚወጣ ደም፣ በብብት ሥር ያበጠ እጢ፣ የማይድን ቁስል። ሙሉ ነጥብ አገኘሁ። ከግድግዳው ማዶ አክስቴ ሁሉም ነበራት።

ያወቅኩት ቁስሉን ስታጥብ ድንገት በሩን ከፍቼ ገብቼ ነው። አንድ ዓመት ከመንፈቅ ደብቃው ነበር። መጀመሪያ የሽምብራ ፍሬ ያህል ነበር አለችኝ። አያምም ነበር አለችኝ። አንድ ባሕል ሐኪም ዘንድ ሄዳ የለጠፈላት ቅጠል ነው ያቆሰለው። «ለምን አልነገርሽኝም?» ስላት «ፈተና ላይ ነሽ ብዬ» አለች። በዚያው ዓመት ነው የከተማው ባቡር ከአያት ተነስቶ መሥራት የጀመረው። ሰው ሁሉ ለማየትና ለመዝናናት ይሳፈር ነበር፤ እኔና እሷ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ወደ ሐኪም ቤት እንሄድበታለን። መስኮት አጠገብ መቀመጥ ትወድ ነበር። በ2009 ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ አረፈች።

ይህን የምነግራችሁ እንድታለቅሱ አይደለም። የሽምብራ ፍሬ ያክል የነበረ ጊዜ መጥታ ቢሆን ኖሮ ቀዶ ሕክምናው ትንሽ ነበር፤ ብዙ ሴቶች እንዲያ ታክመው ዛሬ ቤተሰባቸውን ያስተዳድራሉ። ያን ጊዜ የጨረር ሕክምና በአገሪቱ የነበረው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ጅማን የመሳሰሉ ከተሞች ተጨምረዋል። ያም ሆኖ ጨረር የማያስፈልገው ደረጃ ላይ መድረስ ከሁሉም ይቀላል።

እንግዲህ የወረቀቷ ባለቤት፣ ማድረግ ያለባችሁ ለሌላ ሰው መናገር አይደለም። ለእሷው ተናገሩ። ምናልባት ቅዳሜ ቡና ስታፈላ፣ ብቻችሁን ስትሆኑ፣ እንዲህ በሏት፦ «እማ፣ ለማንም አልተናገርኩም። ላንቺ ግን እናገራለሁ። አለማመሙ ደህና ነው ማለት አይደለም ተብለናል። አብሬሽ ልሂድና ያዩልሽ።» «አብሬሽ» የሚለውን ቃል አትርሱ። ብዙ እናቶች የሚፈሩት ምርመራውን ሳይሆን ብቻቸውን መስማቱን ነው።

«ፀበል እየሄድኩ ነው» ካለች አትከራከሯት። በኤች አይ ቪ ጊዜም ይህ ጥያቄ ነበር፤ የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ምእመናን ፀበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ አስተምረዋል። «ፀበሉን አትተዪ፣ ሐኪምም ይይሽ» በሏት። እንቢ ካለች ደግሞ መሐላውን እንድትፈታላችሁ ለምኗትና አክስት ወይም የምታከብሩትን ታላቅ ሰው ጨምሩ፤ የንስሐ አባት ካላት እሳቸውም ይመክሯታል፣ ሙስሊም ከሆናችሁም የምታከብራቸው ሼህ አሉ። ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ባትሰማችሁ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። አንድ ልጅ ይህን ብቻውን ሊሸከም አይገባም።

ወረቀቷን ያልጻፋችሁትም ዛሬ ቤት ስትገቡ አንድ ጥያቄ ጠይቁ። ዕድሜዋ ከ30 እስከ 49 የሆነ ማንኛዋም ሴት፣ እናታችሁ፣ አክስታችሁ፣ ቤት ውስጥ የምታግዛችሁ ሠራተኛም ብትሆን፣ የማህፀን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራ አድርጋ ታውቅ እንደሆነ ጠይቋት። ኤች አይ ቪ ላለባት ከ25 ዓመቷ ይጀመራል። ደም ያለ ጊዜው ከፈሰሳት፣ ከግንኙነት በኋላ ወይም ካረጠች በኋላ ከደማች፣ ሽታ ያለው ፈሳሽ ካያት ግን ዕድሜ ሳትቆጥር ትምጣ። ምርመራው የሚያስፈራ አይደለም። አቼቶ ታውቃላችሁ፤ ሰላጣ ላይ የምናፈሰው። እሱኑ በልኩ አዘጋጅተን በጥጥ የማህፀኑን በር እንቀባዋለን። ከደቂቃ በኋላ ጤናማ ያልሆነው ቦታ ነጣ ብሎ ይታያል። ትንሽ ከሆነ በዚያው ቀን በማቀዝቀዝ ወይም በማሞቅ እናጠፋዋለን። ወደ ካንሰር ሳይደርስ በዚያው ያበቃል ማለት ነው። አሁን ደግሞ ቫይረሱን ራሱን የሚፈልግ ምርመራ መጥቷል፤ ናሙናውን ሴትየዋ ራሷ ልትወስደው የምትችልበትም መንገድ አለ።

ደወል ሊደወል ነው መሰል፣ ከኋላ ቦርሳ መሸከም ተጀምሯል። የቀሩትን ወረቀቶች ሰኞ መልሱን ጽፌ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አስለጥፋለሁ። እስከ 6 ሰዓት ድረስ ቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለችው ክፍል ውስጥ ነኝ። ብዙዎቻችሁ ገብታችሁ ብትወጡ ደስ ይለኛል፤ የሚመጣው ስለ ሳይንስ ፕሮጀክቱም ሊጠይቅ ይችላልና ማን ለምን እንደገባ አይታወቅም። ማክሰኞ ደግሞ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ጤና ጣቢያው ተረኛ ነኝ። እናታችሁን ይዛችሁ ኑ። በር ላይ ምክንያት መናገር አያስፈልግም፤ «ሲስተርን ፈልገን ነው» በሉ፣ ያስገቧችኋል።